አሮጌውን ፕሮግራም የደበቅሁባቸው ሦስት ሳምንታት

በሰማንያዎቹ መጨረሻ እሠራ የነበረው ቦሌ መንገድ ላይ፣ የውኃ ጉድጓድ በሚቆፍር ድርጅት ውስጥ ነው። ኢንጂነሮቹና ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኛ ሁለተኛ ፎቅ እንቀመጥ ነበር። የጽሕፈት ክፍሉ ማለት እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን። ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት።

ኃላፊነቱን የያዝኩት በጽሕፈት መኪና ጊዜ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ አልተቸገርኩም። ያኔ የነበረው ሥርዓት ዶስ ይባል ነበር፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል። ትእዛዙን ትጽፊያለሽ፣ ማሽኑ ይፈጽማል። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም የፊደል አቀማመጡ ከጽሕፈት መኪናው ብዙም አይለይም ነበርና ጣቶቼ ብዙ አልተለወጠባቸውም። ስድስት ዓመት ሠራሁበት። ትእዛዞቹን አንድ በአንድ በደብተር ጽፌ ይዤአቸው ነበር፤ በኋላ ደብተሩንም መግለጥ ተውኩ። ፋይል ሲጠፋ ወይም ፕሪንተሩ እምቢ ሲል ከሦስተኛ ፎቅ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ወርደው እኔን ይጠይቁ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ይህን በልቤ እይዘው ነበር፤ ለማንም ግን ተናግሬ አላውቅም።

ባልደረባዬ ከእኔ ዘጠኝ ዓመት የምታንስ የወሎ ሴት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሷ ደግሞ አፏ ፈጣን፣ ጣቷ ቀርፋፋ ነበረች። እሷ አንድ ገጽ ስትጽፍ እኔ ሁለት እጽፋለሁ፤ የእሷንም አርሜ እመልስላታለሁ። «እትዬ» ትለኛለች፤ ስትቀልድብኝም «እርስዎ» ማለቷን አትተውም።

በዚያ ዓመት ክረምት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ ዕድሜያቸው ከአርባ ብዙም የማያልፍ ሰው። ነሐሴ ውስጥ ዊንዶውስ የሚባለው አዲሱ ሥርዓት የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ተገዙና አሮጌዎቹ ወደ መጋዘን ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስበው ተናገሩ።

«ከጥቅምት አንድ ጀምሮ ከዚህ ቤት የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በአዲሱ ነው። የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊም አዲሱን የሚያውቅ ሰው ይሆናል። ያልቻለ መዝገብ ቤት ይመደባል።»

ወደ እኔ አላዩም። ባያዩም ለእኔ እንደተናገሩ ገባኝ።

መዝገብ ቤታችን ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። እዚያ የወረደ ሰው ተመልሶ ሲወጣ አላየሁም። ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል፣ በመጨረሻም ጡረታ ይወጣል። ለእኔ ጡረታ አራት ዓመት ቀርቶኝ ነበር። አራቱን ዓመት እዚያ እንዳልጨርስ ፈለግሁ። ከዚህ ሌላ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

ሥልጠናው ኦሎምፒያ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለሦስት ቀን ተሰጠን። አሠልጣኙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ተሸነፍኩ። ማውሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣዋለሁ፤ ቀስቱ የት እንደገባ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ንኪው ስባል አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ እነካለሁ።

«እትዬ፣ እንደ ዶሮ አንገት አንቀው ያዙትኮ!» አለች ባልደረባዬ ከጎኔ። «ይልቀቁት፣ አይበርም።»

ማውሱስ ይለመድ ነበር። የገደለኝ የፊደሉ ነገር ነው። በአዲሱ የአማርኛ ፕሮግራም አንድ ፊደል የሚጻፈው በሁለት ቁልፍ ነው፤ መጀመሪያ በድምፁ የሚመስለውን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀጥሎ አናባቢውን። የእኔ ጣት ግን «ሰ» የት እንዳለች ሳይጠይቀኝ ነው የሚሄደው። ይሄዳል፣ ሌላ ፊደል ይወጣል። አጠፋለሁ፤ ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ለፈተና በተሰጠን ግማሽ ገጽ ላይ ባልደረባዬ ሃያ ደቂቃ ወሰደባት። እኔ በአንድ ሰዓት አልጨረስኩም።

ታክሲ ስንጠብቅ «የድሮውም መች በደንብ ገባኝ» አለችኝ። «ለእኔ ሁለቱም አዲስ ናቸው።»

ልታጽናናኝ ነው። አልተጽናናሁም።

ከሥልጠናው በተመለስን በማግሥቱ፣ ሥራ ስንጨርስ ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል አንድ ዝርዝር ወጣ። ዝጋ የሚል አለ፣ እንደገና አስነሣ የሚል አለ፤ ከሥር ደግሞ በዶስ አስነሣ የሚል መስመር አለ። ቀስቱን በብዙ ልፋት እዚያ አደረስኩና ተጫንኩ። ሥዕሉ ሁሉ ጠፋ። ጥቁሩ ስክሪን መጣ፤ ከላይ በግራ በኩል ያቺ የማውቃት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች።

አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ። ፈጸመ።

የድሮው የአማርኛ ፕሮግራም ሁለት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ተገልብጦ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ባልደረባዬ ሳትገባ ጫንኩት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እንደገባሁ ማሽኑን በዶስ አስነሣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በአሮጌው እጽፋለሁ፤ በድሮው ፕሪንተር አትማለሁ፤ ማታ ወደ አዲሱ መልሼ እዘጋለሁ። ወረቀቱን ያየ ሰው በምን እንደተጻፈ አይጠይቅም። ስክሪኔ ፊቱ ወደ እኔ፣ ጀርባው ወደ በሩ ነበር።

በሩም ራሱ ረዳኝ። በዚያን ጊዜ አቧራ ማሽኑን ይጎዳል ተብሎ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። እኛ ነጠላ ጫማ ነበረን፤ እንግዳ በካልሲው ይገባል። ሰው ሲመጣ በሩ ጋ ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል፣ ማሠሪያውን ይፈታል። ለእኔ ያ በቂ ነው። እጄን ሰድጄ የስክሪኑን ማጥፊያ እጫናለሁ። ሲገባ ወረቀት ሳገላብጥ ያገኘኛል።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት አለፈ። ቀን ቀን ጆሮዬ በር ላይ ነው። ባልተጠበቀ ሰዓት ኮቴ ስሰማ እጄ ወደ ማጥፊያው ይሄዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ስሆን አዲሱን ልለማመድ እሞክራለሁ፤ ግን በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ነገር አርባ ደቂቃ መታገል ሰውን ያሰንፋል። ተመልሼ ጥቁሩን እከፍታለሁ።

«እትዬ፣ ምን ቢበሉ ነው?» አለች ባልደረባዬ አንድ ቀን። «እኔ አንድ ገጽ ሳላገባድድ እርስዎ ሦስት!»

«ተለማመድኩት» አልኳት።

አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኙኝ። «እውነቴን ነው፣ ለእርስዎ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «ኮርቼብዎታለሁ።» እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ትልቅ ጨረታ መጣ። የእኛ ሰነድ አሥራ ስድስት ገጽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ሲሰጡኝ አንድ ነገር አስረግጠው ነገሩኝ።

«ጨረታ አውጪዎቹ ከወረቀቱ ጋር በፍሎፒም ይቅረብ ይላሉ። እነሱም ዊንዶውስ ነው ያላቸው። በአዲሱ መሆኑን አደራ።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ ስል ላደርገው አስቤ ነበር። በአሮጌው ጽፌ አስተካክዬ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ምሳ ሰዓት ምሳ ሰዓት ወደ አዲሱ ልገለብጠው። በአሮጌው በአንድ ቀን ጨረስኩት። ከመስቀል በፊትም በኋላም ምሳዬን እየተውኩ አዲሱ ላይ ታገልኩ። ጨረታው በሚዘጋበት ቀን ጠዋት አዲሱ ላይ የነበረኝ ሁለት ገጽ ተኩል ነው።

ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ ከነጫማቸው ገቡ። በሩ ጋ አልቆሙም። እጄ ማጥፊያው ላይ የደረሰው እሳቸው ጠረጴዛዬ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው።

«ምነው አጠፉት?»

«ዓይኔን አሞኝ ነው።»

ልባቸው እዚያ አልነበረም። «የጨረታውን ፍሎፒ ይስጡኝ። ኢንጂነሮቹ ሁለት ቦታ ይነካኩና ላይ እናትመዋለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አሁን ቀልድ የለም።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ፍሎፒው ፊቴ ነበር። አንሥቼ ሰጠኋቸው። ውስጡ ያለው የአሮጌው ፕሮግራም ፋይል ነው፤ አዲሱ እንደማያነበው ከማንም በላይ አውቃለሁ። ይዘው ሲወጡ ኮቴያቸውን ቆጠርኩ። በደረጃው ወጡ፤ ከእራሳችን በላይ ያለው ክፍል ውስጥ ገቡ፤ ወንበር ተጎተተ። ከዚያ ዝም አለ።

ባልደረባዬ መጻፏን አቆመች። እኔም ወረቀቶቼን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። ፊታቸው ተለውጧል።

«ይኼ ምንድን ነው? ሳጥን በሳጥን ነው የሚያወጣው! አንድ ቃል አይነበብም። በሁለት ማሽን ሞከርን።» ፍሎፒውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ይኼ ቫይረስ ነው። ፍሎፒዎቹን የምታዘጋጀው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ባልደረባዬ።

እውነት ነው። ፍሎፒ ማጽዳትና ስም መለጠፍ የእሷ ሥራ ነበር።

«ከየት ነው ያመጣሽው? ከውጭ የመጣ ፍሎፒ አታስገቡ ብዬ አልነበረም?»

«ከውጭ አላመጣሁም ጌታዬ።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ? ይኼ ጨረታ ቢያመልጠን የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

እሷ ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይቀለኝ ነበር። አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች። ያቺ አፏ የማይዘጋ ሴት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ዝም ብል ኖሮ ያልፍ ነበር። ፍሎፒው ተበላሸ ይባላል፣ እሷ ትገሠጻለች፣ ምናልባትም መዝገብ ቤት የምትወርደው እሷ ትሆናለች። ይህን ሁሉ አሰብኩት። አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው። ምን ያህል ጊዜ እንዳሰብኩ ግን አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር።

«ፍሎፒው ጤነኛ ነው» አልኩ። «የጻፍኩት በድሮው ነው።»

«በድሮው ምን?»

የስክሪኑን ማብሪያ ተጫንኩ። ጥቁሩ ስክሪን ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ዞረው ከጀርባዬ ቆሙና አዩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሥልጠናው ጀምሮ። ሁሉንም።»

ሰዓታቸውን አዩ። «አራት ሰዓት ሊሆን ነው። አሥራ ስድስት ገጽ።» ቀጥለው «ይችላሉ?» አሉኝ፤ በአዲሱ ማለታቸው ነው።

«እኔ አልችልም። እሷ ትችላለች። እኔ አነብላታለሁ።»

የድሮ የጽሕፈት ክፍሎች አሠራር ነው። ችኩል ሥራ ሲመጣ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ዓይን ከወረቀት ወደ ቁልፍ ሲመላለስ የሚባክነው ጊዜ ይተርፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያነበበችው እሷ ናት፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ወንበሬን ጎትቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ እኔ አዲሱ ላይ የታገልኩበት ሁለት ገጽ ተኩል ስሕተቱ ስለበዛ ትቼው ገጽ አንድን አነሣሁ።

ሦስት ቃል፣ ሦስት ቃል እያደረግሁ አነበብኩ። ነጠላ ሰረዝ። አራት ነጥብ። ቅንፍ ክፈቺ። ቅንፍ ዝጊ። አዲስ አንቀጽ። የቧንቧውን ስፋት የሚናገሩትን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ አነብላት ነበር። እሷ አንድም ቀልድ አላወራችም። ሥራ አስኪያጁ በየሃያ ደቂቃው እየወረዱ በር ላይ ይቆሙና ስንተኛ ገጽ ላይ እንደሆንን ይጠይቃሉ። ጫማቸውን አንዴም አላወለቁም።

«አስቀምጪ» እላት ነበር በየአንቀጹ።

«አሁን አስቀመጥኩ እኮ።»

«ደግመሽ አስቀምጪ።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ጠፋ። ሁለታችንም አልጮኽንም። በጨለመው ስክሪን ፊት ተቀምጠን ጠበቅን። ውጭ ወያሎች ቦሌ ቦሌ እያሉ ይጣራሉ። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች፤ እኔም በልቤ የራሴን አልኩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ማሽኑ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ከጠፋበት የበለጠ ረዘመብን። ፋይሉን ከፈተችው። የጠፋን ሁለት መስመር ብቻ ነው።

«ወላሂ እትዬ፣ ያ ጭቅጭቅዎ አዳነን» አለች። ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልድ ነው፤ ቀልድ ከሆነ።

ሰባት ሰዓት ካርባ ላይ አሥራ ስድስተኛው ገጽ አለቀ። ኢንጂነሮቹ ሦስተኛ ፎቅ ሆነው አረሙት፣ ታተመ፣ ታሸገ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እየነዱ ይዘውት ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው እንዳስገቡት በኋላ ሰማን። ጨረታውን አላሸነፍነውም፤ ዋጋችን ከፍ ብሎ ነው ተባለ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጠየቅኋት።

«ታውቂ ነበር?»

«ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ። ስክሪንዎ ከኋላዎ ባለው መስኮት መስታወት ይታየኛል። ጥቁር ነው።»

«ለምን አልተናገርሽም? ሲጮኹብሽስ?»

«የእርስዎን ነገር እርስዎ ይናገሩት ብዬ ነዋ።» ወረቀቶቹን እየሰበሰበች «ግን እትዬ፣ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እናገር ነበር። መልአክ አይደለሁም» አለችኝ።

እኔ የምኖረው ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ነው። ያን ዕለት መገናኛ ወርጄ ሁለተኛውን ታክሲ ስጠብቅ መዝገብ ቤት ምን ይዤ እንደምወርድ አስብ ነበር። ደብተሬንና ነጠላ ጫማዬን። ቤት ገብቼ ለማንም አላወራሁም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠሩኝ። መጀመሪያ ይቀመጡ አላሉኝም፤ ወዲያው ግን ትዝ ብሏቸው ይቀመጡ አሉኝ።

«ሦስት ሳምንት አታለሉኝ።»

«አዎ።»

«ጥቅምት ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶታል። በአምስት ቀን አዲሱን ይይዙታል?»

እሞክራለሁ ማለት ይቻል ነበር። ሰው የሚለው እንደዚያ ነው።

«በአምስት ቀን አልችልም» አልኩ። «በሦስት ወር እችላለሁ።»

እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉት። «ኃላፊነቱን ለእሷ እሰጣለሁ። ይህን ያውቁታል።»

«አውቃለሁ።»

«መዝገብ ቤት ልመድብዎት አስቤ ነበር። ትናንት ማታ ከሥራ ስትወጣ ጠየቅኋት። እትዬ ከወረዱ እኔም አልሠራም አለችኝ። ያለ አንባቢ አልችልም ነው የምትለው።» ዓይናቸውን ከእርሳሱ አላነሡም። «እስከ ጥር ይቆዩ። በጥር እናያለን።»

ወርጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ማሽኑን በዶስ አስነሣሁና የአሮጌውን ፕሮግራም ፋይሎች በሙሉ እንዲያጠፋ አዘዝኩት። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ባልደረባዬ ከመስታወቱ እያየች ነበር መሰለኝ።

ጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት የሹመት ደብዳቤዋ ረቂቅ ከላይ ወረደ። የራሷን ደብዳቤ ራሷ ልትጽፍ አይገባም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ደግሞ ሁለት ነን።

«ይተዉት እትዬ፣ ላይ ያሉት ይጻፉት» አለችኝ።

«አምጪ» አልኳት።

አሥራ አራት መስመር ነው። አንዱን ፊደል በሁለት ቁልፍ፣ ቁልፎቹን እያየሁ፣ እንደ ጀማሪ በአንድ ጣት። የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ወጣ። እሷ ወደ እኔ እንዳታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሬ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጨረስኩ። አተምኩና በክፍሉ ደንብ መሠረት ለኃላፊዋ አቀረብኩ።

ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ጣቷን አምስተኛው መስመር ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ቃል ዘለዋል።»

አየሁት። ዘልያለሁ። ወረቀቱን ተቀብያት ወደ ማሽኑ ተመለስኩ።